ከአምፖል እስከ ውሃ ማሞቂያ፦ ገንዘብዎን የቱ ላይ ቢያውሉት ያዋጣል?

የመብራት ሒሳብ ከፍ ባለ ቁጥር የመጀመሪያው ተወቃሽ አምፖል ነው። «መብራቱን አጥፉ!» የማይባልበት ቤት የለም። በአዲስ አበባ ቤት ግን ኤሌክትሪኩን የሚጨርሰው ከብርሃን ይልቅ ሙቀት ነው፤ ምጣዱ፣ ምድጃውና የገላ መታጠቢያው ውሃ። ይህን ሳያዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ስሌቱ ማንም የሚችለው ነው። የዕቃውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት አባዝተው ለ1,000 ሲያካፍሉ ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል። እሱን በታሪፉ ማባዛት ነው። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው በሚወደድ እርከን የተከፋፈለ ስለሆነ የሁሉም ቤት ሒሳብ አንድ አይደለም። እዚህ ለማስላት እንዲመች ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር ይዣለሁ፤ እርስዎ በራስዎ ደረሰኝ ላይ ያለውን ይተኩበት።

አምፖሉን ቶሎ እንለፈው። ባለ 60 ዋቱን የድሮ አምፖል በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቢቀይሩና ሳሎን ውስጥ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ፣ በወር ወደ 7.7 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል፤ 38 ብር ገደማ ማለት ነው። በጥቂት ወራት ዋጋውን ይመልሳል። በቀን ግማሽ ሰዓት የሚበራው የመጸዳጃ ቤት አምፖል ግን በወር የሚያተርፈው 4 ብር እንኳ አይሞላም፤ እስኪቃጠል ይቆይ። ቀድሞውኑ ጠምዛዛውን ቆጣቢ አምፖል የሚጠቀም ሰውም መጣደፍ አያስፈልገውም፤ ልዩነቱ ጥቂት ዋት ብቻ ነው።

ፍሪጅም እንዲሁ። በቀን 1.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚወስደውን አሮጌ ፍሪጅ 0.8 በሚወስድ አዲስ ቢለውጡ በወር 21 ኪሎዋት ሰዓት ያተርፋሉ፤ በዓመት 1,260 ብር። አዲስ ፍሪጅ ስንት እንደሚጠየቅ የጠየቀ ሰው የቀረውን ራሱ ያውቀዋል። የሚሠራ ፍሪጅ ካለዎት በሩ ላይ ያለውን ላስቲክ ይፈትሹ። የብር ኖት በበሩና በአካሉ መካከል አድርገው ይዝጉት፤ ሲስቡት ሳይጎተት ከወጣ ቅዝቃዜው በዚያ በኩል እየወጣ ነውና ላስቲኩን ያስቀይሩ።

ወደ ምጣዱ እንምጣ። ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ስትጋግር እኔ ቆጣሪው ሥር ቆሜ ቁጥሩን ስጽፍ ነበር። የቤታችን ምጣድ 3,500 ዋት ነው። ግሎ፣ በጎመን ዘር ታሽቶ፣ የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን እስክታወጣ 20 ደቂቃ ፈጀ፤ አንዲት እንጀራ ሳትነሳ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ። ከዚያ 24 እንጀራ ለመጋገር አንድ ሰዓት፣ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት። ድምሩ 4.7 ነው። በሳምንት ሁለቴ ለሚጋግር ቤት በወር 38 ያህል፣ 190 ብር።

አሁን ሻጩ «ይህ አዲሱ ምጣድ ሩቡን ይቆጥባል» ቢልዎት፣ ደግሞም እውነቱን ቢሆን፣ በወር የሚተርፈው 47 ብር ገደማ ነው፤ በዓመት 570 የማይሞላ። በአዲሱና በተራው ምጣድ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከ1,500 ብር ካለፈ ለመመለስ ወደ ሦስት ዓመት ይጠብቃሉ ማለት ነው። የሸክላ ምጣድ ደግሞ ስንት ዓመት ሳይሰነጠቅ እንደሚቆይ ጋጋሪዎች ያውቃሉ። ሲመርጡ ከዋቱ በላይ ሁለት ነገር ይዩ፦ አክንባሎው ዙሪያውን ክፍተት ሳይተው መግጠሙን፣ ከሸክላው ሥር ያለው ጀሶ በደንብ መሞላቱን። ተጋግሮ ሲያበቃ የምጣዱ የታችኛው ቆርቆሮ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ የከፈሉበት ሙቀት ወለሉን እያሞቀ ነው።

ያለ ምንም ወጪ የሚገኘው ቁጠባ ግን ከአዲሱ ምጣድ አያንስም። በግቢያችን ሁለት ቤት ቀን ገጥመው በአንድ ምጣድ ተከታትለው ይጋግራሉ፤ ሁለተኛዋ የጋለ ምጣድ ትረከባለች። ያ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት በየጊዜው ይተርፋል፤ በወር ስምንቴ ሲሆን ከ9 በላይ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ደግሞ ሶኬቱን ነቅሎ በቀረው ሙቀት ማውጣት ይቻላል።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ውሃው ላይ ነው፤ ሰው ተሳስቶ የሚገዛውም እዚሁ ላይ ነው። አራት ሰው በየቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ የሚታጠብበትን ቤት እንውሰድ። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ሲውል፣ ለመታጠቢያው 2.8፣ ማንም ሳይነካው በጋኑ አካል ለሚባክነው ደግሞ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በወር 114፣ ማለትም 570 ብር። ከመታጠቢያው ሰዓት በፊት ብቻ አብርቶ ማጥፋት ብዙውን ብክነት ያስቀራል።

ውሃው ሲያልፍበት ወዲያው የሚያሞቀው ባለ 5,000 ዋት ትንሽ ማሞቂያ ዋቱ ቢያስፈራም ለዚያው ቤተሰብ በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ የሚሠራው በቀን 20 ደቂቃ ብቻ ነውና። በዓመት ከቦይለሩ 3,840 ብር ያነሰ። ግን የውሃው መጠን ቀጭን ነው፤ በደቂቃ ከ4 ሊትር በታች። በተጨማሪም 23 አምፔር ስለሚስብ ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ባለሙያውን ዋጋ ከማሞቂያው ዋጋ ጋር ደምረው ያስሉ። በተራ ሶኬት ላይ በፍጹም አይሰኩት፤ ቤት ያቃጥላል። በሰፈርዎ ማታ ማታ ቮልቴጁ 170 ድረስ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ 5,000 ዋቱ ወደ 3,000 ይወርዳል፤ ውሃው ለብ ብሎ ይቀራል። እንዲህ ላለ ሰፈር እኔ የምመርጠው ሰዓት የሚጠበቅለትን ቦይለር ነው።

ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ውሃውን በፀሐይ የሚያሞቀው ሶላር በበጋ የቦይለሩን 570 ብር ሙሉ በሙሉ ያስቀራል እንበል። በክረምቱ አራት ወራት ደመና ስለሚበዛ ያለ ኤሌክትሪክ ድጋፍ አይሆንም። ስምንት ወር ብቻ ብንቆጥር በዓመት 4,560 ብር። ሻጩ ከነመግጠሚያው 90,000 ብር ቢጠይቅዎት ለመመለስ 20 ዓመት ገደማ ነው። አዲስ ቤት እየሠራ ላለ፣ ብዙ ቤተሰብ ወይም እንግዳ ማረፊያ ላለው ሰው ስሌቱ ይቀየራል፤ ለአራት ሰው ቤት ግን እዚህ በያዝኩት ታሪፍ ፈጣኑ ማሞቂያ ይቀድማል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ጣሪያው የጋራ ነው፤ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ከነዋሪዎች ማኅበሩ ጋር ይነጋገሩ።

ሶላር ለመግዛት የቆረጡ ሰዎች አንድ ነገር ሻጩን ይጠይቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃው የሚሞቅባቸው የሶላሩ የመስታወት ቱቦዎች ባዶ ሆነው ፀሐይ ሲመታቸው ይግላሉ። እኩለ ቀን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲገባባቸው ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ ውሃ ያለበት ሮቶ ከሶላሩ በላይ መቀመጡን ያረጋግጡ። ካልሆነም መሙያውን ቧንቧ ዘግተው ይቆዩና ንጋት ላይ ይክፈቱት።