በ529 ለልጆች ኮሌጅ መቆጠብ፦ ገንዘቡ ሲገባም ሲወጣም አየነው

529 አሜሪካ ውስጥ ለትምህርት ወጪ የሚቆጠብበት፣ የታክስ ጥቅም ያለው አካውንት ነው። ስለ እሱ የሚወራው በአብዛኛው አካውንቱን ስለ መክፈት ነው። ገንዘቡ ሲወጣ ምን እንደሚመስል የሚናገር ግን ጥቂት ነው። እኛ ለትልቁ ልጃችን ኢንቨስት529 የተባለውን የቨርጂኒያ አካውንት የከፈትነው በ2018 ነበር። ልጁ በ2025 ኮሌጅ ገባ፤ እኛም ማውጣት ጀመርን።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ታክስ የተከፈለበት ገንዘብ ታስገባላችሁ፤ አክሲዮንና ቦንድ ላይ ይውላል። ለትምህርት ወጪ እስካዋላችሁት ድረስ ትርፉ የፌዴራል ታክስ የለበትም። ቨርጂኒያ ደግሞ ለእያንዳንዱ አካውንት በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ከስቴት ታክስ ገቢያችሁ ላይ ትቀንስላችኋለች። 5.75 በመቶ የስቴት ታክስ የሚከፍል ሰው 4,000 ሙሉ ካስገባ 230 ዶላር ይቀርለታል ማለት ነው። ከ4,000 በላይ ካስገባችሁም የተረፈው ለሚቀጥሉት ዓመታት ይተላለፋል።

ለኔ ግን ከታክሱ በላይ የጠቀመን ነገር አለ። ደሞዝ በገባ ማግስት ገንዘቡ ከቼኪንግ አካውንታችን በራሱ ጊዜ ይሄዳል። እቁብ እወዳለሁ፤ አሁንም እጥላለሁ። ግን የእቁብ ብር እጅ ሲገባ ስንት ጉዳይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አገር ቤት ሰርግ አለ፣ የሚታከም ዘመድ አለ፣ መኪናው ተበላሽቷል። 529 ውስጥ ያለው ግን ከዓይንም ከእጅም ይርቃል። ለልደትና ለክርስትና የሚሰጠውን ገንዘብም እዚያው ስንጨምረው ቆየን።

ብዙ ወላጆች የሚጠይቁኝ «ልጁ 18 ሲሞላው ወስዶ መኪና ቢገዛበትስ?» እያሉ ነው። አይችልም። ባለቤቱ ወላጁ ነው፤ ልጁ ተጠቃሚ ብቻ ነው። «ከቆጠባችሁ የመንግሥት እርዳታ ይቀርባችኋል» የሚባለውም የተጋነነ ነው። ፋፍሳ በሚባለው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ላይ እንደ ወላጅ ሀብት ስለሚቆጠር፣ ስሌት ውስጥ የሚገባው ቢበዛ 5.64 በመቶው ነው። በልጁ ስም ያለ ተራ ቁጠባ ግን 20 በመቶው ይቆጠራል።

አሁን ወደ ደካማ ጎኑ። እኛ የያዝነው ኮሌጅ የሚገባበት ዓመት በስሙ ላይ የተጻፈበትን ፖርትፎሊዮ (የአክሲዮንና የቦንድ ስብስብ) ነው። ጊዜው ሲቃረብ ከአክሲዮን ወደ ቦንድ እየቀነሰ ይሄዳል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን በ2022 አክሲዮንም ቦንድም አብረው ወረዱ። «አስተማማኝ» ያልነው ክፍል ሲቀንስ ማየት ያማል። ልጃችሁ ኮሌጅ ሊገባ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ከቀረው፣ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ በመንግሥት ዋስትና ወዳለው የባንክ ቁጠባ አማራጭ ማዛወር ነው ምክሬ። ያስገባችሁትን ገንዘብ በዓመት ሁለት ጊዜ ማዛወር ይፈቀዳል።

ማውጣቱ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ገጹ መጀመሪያ የሚጠይቀው ለማን ይላክ ብሎ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ፣ ለልጁ ወይስ ለእናንተ? የታክስ ወረቀቱ፣ 1099-ኪው የሚባለው፣ በተቀባዩ ስም ነው የሚመጣው። ለትምህርት ቤቱ ከተላከ በልጁ ስም ይወጣል። ገንዘቡ እስኪደርስ ቀናት ስለሚወስድ የክፍያው ቀን ከመድረሱ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ወጪውና ማውጣቱ ደግሞ በአንድ የፈረንጆች ዓመት ውስጥ ይዋሉ። የጥርን ክፍያ ታኅሣሥ ላይ ከከፈላችሁ፣ ገንዘቡንም ታኅሣሥ ላይ አውጡ።

ሌላው፣ ክፍያውን ሁሉ ከ529 አታውጡ። ከትምህርትና ከመጻሕፍት ወጪ 4,000 ዶላሩን ከኪሳችሁ ብትከፍሉ፣ ገቢያችሁም ከገደቡ ካላለፈ፣ እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ የኮሌጅ ታክስ ክሬዲት ታገኛላችሁ። በአንድ ወጪ ሁለቱን ጥቅም መውሰድ ግን አይፈቀድም። ይህን ለብዙ ወላጅ የሚነግረው የለም፤ እኔን ያበሳጨኝም ይኸው ነው።

የእኛ ልጅ የሚኖረው ቤት ነው። እንደ ብዙ የሐበሻ ልጅ ከእናቱ ሽሮ አልራቀም። ቢያንስ ግማሽ ጊዜ ተማሪ እስከሆነ ድረስ፣ ትምህርት ቤቱ ቤት ለሚኖሩ ተማሪዎች ባወጣው ግምት ልክ ለምግቡ ማውጣት ይቻላል። ኮምፒውተርና ኢንተርኔትም ይሸፈናል። ቤንዚን፣ የአውቶቡስ ዋጋና የጤና ኢንሹራንስ ግን አይሸፈኑም። ለማይፈቀድ ነገር ካወጣችሁ ትርፉ ላይ ታክስና 10 በመቶ ቅጣት አለ። በፌዴራል ታክስ በኩል ዋናው ገንዘብ አይነካም። ስኮላርሺፕ ካገኘ እስከዚያው መጠን ቅጣቱ ይቀራል፤ የትርፉ ታክስ ግን አይቀርም።

ከልጁ የሚተርፈውን ለታናሽ እህቱ እናዞረዋለን፤ የተጠቃሚውን ስም መቀየር ብቻ ነው። ከ2024 ወዲህ ሮዝ አይአርኤ ወደሚባለው የልጁ የጡረታ ቁጠባ አካውንት ማዛወርም ተፈቅዷል። በጠቅላላው እስከ 35,000 ዶላር ነው፤ በየዓመቱም ገደብ አለው። አካውንቱ 15 ዓመት ሊሞላው ስለሚገባ የእኛው እስከ 2033 ይጠብቃል።

የክሬዲት ካርድ ዕዳ ላለበት፣ ወይም ሥራ ቢቆም የጥቂት ወራት ቤት ኪራይ ለሌለው ሰው 529 ክፈት አልልም። መጀመሪያ ያንን ይጨርስ። ሜሪላንድ ያላችሁ የታክስ ቅናሹን የምታገኙት በራሳችሁ ስቴት ፕላን ነው፤ ለአንድ ልጅ በዓመት 2,500 ዶላር ድረስ። ዲሲ ደግሞ ለአንድ ሰው 4,000፣ የታክስ ቅጹን አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት 8,000 ነው። የእኛን የቨርጂኒያውን ብትከፍቱ ይፈቀድላችኋል፤ የስቴት ቅናሹን ግን አታገኙም።