ፈረሷ ያለችበት ቡርቦን 150 ዶላር ታወጣለች?

ባለፈው የአጎቴ ልጅ ነርሲንግ ጨርሶ ሲመረቅ ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ምን ላምጣልህ ስለው "ያቺን ፈረስ ያለችበትን" አለኝ። ብላንተንስ የሚባለውን የአሜሪካ ውስኪ ማለቱ ነው። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ የውስኪ ጣሪያዬ ብላክ ሌብል ነበር፣ እሱንም ድግስ ላይ በረዶ ሞልተን በኮካ ነው የምንጠጣው፣ እና ስንት ቢሆን ነው ብዬ ዲሲ አንድ የመጠጥ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ከጀርባው ከተቆለፈው መስታወት ውስጥ አወጣና 150 ዶላር አለኝ፣ ታክስ ሳይጨመር። ለ750 ሚሊ! እዛው ትቼው ልወጣ ነበር ግን ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ አፈርኩና ካርዴን ሰጠሁት። ማታ አንድ ጓደኛዬን ስጠይቀው እኛው ሰፈር፣ ሜሪላንድ ሞንጎምሪ ካውንቲ፣ ካውንቲው ራሱ በሚሸጥበት ሱቅ በ70ዎቹ ዶላር ነው የገዛሁት አይለኝም! እርር አልኩ።

መጀመሪያ ግን ስለ መጠጡ፣ ምክንያቱም መጠጡ አላጠፋም። በባዶ ብርጭቆ፣ ያለ በረዶ ቀመስኩት። ሽታው የብርቱካን ልጣጭና የተቃጠለ ስኳር ነው፣ ትንሽ ቆየት ስትል ቫኒላ ይመጣል፣ ምላስ ላይ ማር ማር ካለ በኋላ ከኋላ ኮረሪማ የመሰለ ነገር ቆንጠጥ ያደርጋል። አልኮሉ 46.5 ፐርሰንት ነው ግን ጉሮሮ አይፍቅም። ቅሬታዬ አንድ ነው፣ ቶሎ ይጠፋል፣ ከዋጥከው በኋላ አፍህ ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ በዚህ ዋጋ ደግሞ ትንሽ ቢያድር ደስ ይለኝ ነበር።

ቡርቦን ማለት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ በአሜሪካ ህግ ከሚሰራበት እህል ቢያንስ 51 ፐርሰንቱ በቆሎ መሆን አለበት፣ አሜሪካ ውስጥ መሰራት አለበት (ኬንታኪ ብቻ ነው የሚሉትን አትስሙ)፣ ቀለምም ማጣፈጫም አይጨመርበትም፣ እና ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ነው የሚተኛው። እናቶቻችን የጠላውን ጋን በወይራ እንደሚያጥኑት አስቡት፣ እነዚህ ግን ማጠን ብቻ ሳይሆን እንጨቱን ከሰል እስኪሆን ያነዱታል፣ ያ ሁሉ ቀለምና የስኳር ጣዕም የሚወጣው ከዛ ነው። በርሜሉ ደግሞ ለቡርቦን ሁለተኛ አያገለግልም፣ ብዙው ወደ ስኮትላንድ ይሸጥና ስኮች ይተኛበታል።

እሺ፣ ታዲያ ብላንተንስን ምን አስወደደው? ታሪኩ ቆንጆ ነው። በ1984 ኤልመር ቲ ሊ የሚባል የፋብሪካው ዋና ጠማቂ ነው ያወጣው። ያኔ ቡርቦን ገበያው ወድቆ ሰው ሁሉ ቮድካ ላይ ነበር፣ እና የብዙ በርሜል ድብልቅ ከመሸጥ አንዱን በርሜል ብቻውን ጠርሙስ ውስጥ አድርገን በውድ እንሽጥ አለ። ስሙን ከሱ በፊት ፋብሪካውን ይመራ ከነበረው ከአልበርት ብላንተን ወሰደ። የሚተኛው መጋዘን ኤች የሚባል፣ ግድግዳው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ውስጥ ነው። ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ይገባዋል፣ በጋ ይጠብሳል ክረምት ያንቀጠቅጣል፣ እና ሲሞቅ መጠጡ እንጨቱ ውስጥ ይገባል ሲቀዘቅዝ ይወጣል፣ ቶሎ ይበስላል ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ የተቀዳበት ቀን፣ የበርሜሉ ቁጥር፣ የመደርደሪያው ቁጥር ተጽፎበታል። ዕድሜው ግን የለም! ስንት ዓመት እንደተኛ አይነግሩህም። ሌላው ደግሞ፣ የአንድ በርሜል ስለሆነ እኔ የጠጣሁትና አንተ የምትገዛው ጣዕማቸው ሊለያይ ይችላል፣ ለ150 ዶላር ሎተሪ ነው በቃ።

ከዛ ክዳኑ አለ። ከላይ ጋላቢ የተቀመጠባት የብረት ፈረስ፣ የኋላ እግሯ ጋ ትንሽ ክብ ውስጥ አንድ ፊደል አለ፣ ስምንት ጠርሙስ ገዝተህ ከደረደርካቸው "ብላንተንስ" የሚለው በእንግሊዝኛ ይሞላልሃል፣ ፈረሷም ከቆመችበት ተነስታ ጋልባ ስትጨርስ ትታያለች። ሰው ለዚህ ነው የሚያብደው። ስምንት በ150 ሲባዛ 1200 ዶላር ነው፣ ለክዳን።

ምርቃቱ ካለፈ በኋላ ጉዳዩ አልለቀቀኝም፣ አንድ ቅዳሜ አራት ሆነን ክትፎ ከበላን በኋላ ባለቤቴን በሶስት ብርጭቆ ቅጂልን ማንኛችንም እንዳናይ አልኳት። አንዱ ከዚያው የተረፈው ብላንተንስ፣ አንዱ ዋይልድ ተርኪ 101 (50.5 ፐርሰንት፣ በ25 ዶላር አካባቢ የገዛሁት)፣ አንዱ ፎር ሮዝስ ሲንግል ባረል፣ እሱም የአንድ በርሜል ነው፣ 50 ፐርሰንት፣ 45 ዶላር አካባቢ። ሁለታችን ፎር ሮዝስን መረጥን። አንዱ ብላንተንስን። የአጎቴ ልጅ፣ ያ ፈረስ ፈረስ ሲል የነበረው ልጅ፣ "ይሄ ነው ብላንተንስ፣ ይታወቃል እኮ" ብሎ ያነሳው ዋይልድ ተርኪ ሆነ። ባለቤቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጥ ቤት ገባች።

መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም ጓዶች። በ70ዎቹ ካገኛችሁት ግዙት፣ ስጦታ ከሆነ ደግሞ አትጠራጠሩ፣ እንደሱ የሚያምር ጠርሙስ የለም። 100 ካለፈ ግን ለመጠጡ ሳይሆን ለእጥረቱ ነው የምትከፍሉት፣ ትርፉም የሱቁ ነው። ሞንጎምሪ ካውንቲና ቨርጂኒያ ያላችሁ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጠው በመንግስት ሱቅ ስለሆነ ዋጋው የተወሰነ ነው፣ ችግሩ መደርደሪያ ላይ አታገኙትም፣ ሲመጣ ተሰልፎ ነው፣ በጣም ብርቅ የሆኑትማ በዕጣ። ዲሲ ደግሞ ሱቁ የግል ነው፣ ሁልጊዜ አለ፣ ባለሱቁ የፈለገውን ይጠራል። ትዕግስት ከሌላችሁ ከዛው ፋብሪካ የሚወጣው ቡፋሎ ትሬስ አለ፣ የእህል ምጣኔው የተለየ ነው ግን በ30 ዶላር አካባቢ ከተገኘ ምን ጎደለ?

እባካችሁ ደግሞ ኮካ አትጨምሩበት። ምርቃቱ ላይ አንድ ጋሼ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ብርጭቋቸውን በረዶ ሞልተው ግማሽ ኮካ ደፉበትና ቀምሰው "ጥሩ ናት፣ ትንሽ ጣፈጠች እንጂ" አሉኝ። ምን ልበላቸው? "እውነትዎን ነው ጋሼ" አልኳቸው፣ በሆዴ ግን ኮካው የገባበትን የ15 ዶላር ውስኪ እያሰላሁ ነበር።

ከቅዳሜው ቅምሻ በኋላ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ባለቤቴ ልትጥለው ስትል ክዳኑን ቀምቻት ኪሴ ከተትኩ። ፊደሉ "ቲ" ነው፣ "ኤስ" የተረፈው ሰው ካለ እንነጋገር።