ዊንዶውስ፣ ኡቡንቱ ወይስ ማክ፦ ለኢንተርኔት የሚሻለው ላፕቶፕ የቱ ነው?

በባሕር ዳር ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው «ኡቡንቱ ከተጫነበት ኢንተርኔቱ ይፈጥናል» ወይም «ማክ ከሆነ አይንቀራፈፍም» የሚል ምክር መስማቱ አይቀርም። ኡቡንቱ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነ ነፃ ሲስተም ነው። ምክሩ ግማሽ እውነት አለው፤ ምክንያቱ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም።

በአንድ ራውተር ላይ በኬብል የተገናኙ ሁለት ጤነኛ ኮምፒውተሮች፣ አንዱ ዊንዶውስ 11 ሌላው ኡቡንቱ ስለጫነ ብቻ ይህ ነው የሚባል የፍጥነት ልዩነት አያሳዩም። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ መስመር ሲጨናነቅ የመረጃውን ፍሰት የሚመጥኑበት ስልት ዛሬ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ኩቢክ ይባላል። ሊኑክስ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጠቀምበት ዊንዶውስ 10 በ2017 ተቀብሎታል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ግን ልዩነቱ እውነተኛ ነበር። ኤክስፒ በተለመደው ቅንብሩ ደረሰኝ ሳይልክ የሚቀበለው መረጃ ቢበዛ 64 ኪሎባይት ገደማ ስለነበር፣ መልእክት ደርሶ ለመመለስ 150 ሚሊሰከንድ ከሚፈጅበት ሩቅ ሰርቨር በአንድ ግንኙነት በሰከንድ ከ3.5 ሜጋቢት በላይ ማውረድ አይችልም ነበር፤ መስመሩ 20 ሜጋቢት ቢሆንም። ያ ችግር ኤክስፒን ከተካው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ቀርቷል፤ ወሬው ግን እስካሁን አልቀረም።

ዛሬ ልዩነቱ የሚታየው በዋይፋይ ካርዱና ካርዱን ከሲስተሙ ጋር በሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ማለትም በድራይቨሩ ነው። የኢንቴል ካርድ ያለው ላፕቶፕ በኡቡንቱም በዊንዶውስም አያስቸግርም፤ ድራይቨሩ ከሊኑክስ ጋር አብሮ ይመጣል። የብሮድኮምና አንዳንድ የሪያልቴክ ካርዶች ግን በዊንዶውስ በደንብ እየሠሩ በኡቡንቱ ላይ ይዳከማሉ፤ ጭራሽ የማይታዩበት ጊዜም አለ። ያኔ ድራይቨሩን ለማውረድ ራሱ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ ስልክን በኬብል ሰክቶ ዳታ ማጋራት የግድ ይሆናል። ማክ ላይ ካርዱንም ድራይቨሩንም የሚመርጠው አፕል ስለሆነ ይህ ጣጣ የለም፤ ዋጋው ግን ለብዙ ተማሪ አይቀመስም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ኡቡንቱ የተጻፈበት ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ዴል ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ ከሆነ ሲበራ ኤፍ12ን፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9ን ተጭነው ከፍላሹ ያስነሱት፤ ምንም ሳይጭኑ ከሱቁ ዋይፋይ ጋር አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ፤ ወዲያው በዊንዶውስ አስነስተው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰርቨር ይድገሙት። አንዱን ጠዋት ሌላውን ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ምሽት መለካት ምንም አይነግርዎትም። በተደጋጋሚ ሲለካ ኡቡንቱ ላይ በግማሽ ከወረደ ችግሩ ከመስመሩ ሳይሆን ከድራይቨሩ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው አጋጣሚ ካርዱ ብዙም የማይጨናነቀውን የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ሞገድ መያዙን ያረጋግጡ፤ ጎረቤት ሁሉ ራውተር በተከለበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያውቅ ላፕቶፕ የትኛውም ሲስተም ቢጫንበት ይንቀራፈፋል።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ፔዳም ሆነ ፖሊ አካባቢ ተከራይቶ በስልክ ሆትስፖት ለሚጠቀም ተማሪ ደግሞ ከፍጥነቱ ይበልጥ የሚያሳስበው ከጀርባ የሚበላው ዳታ ነው። ዊንዶውስ አፕዴቱን ሳይጠይቅ ማውረድ ሲጀምር የተከፈተው ገጽ ይጎተታል፤ በዋይፋይ ቅንብሩ ውስጥ «ሜትርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የተገደበ ግንኙነት) የሚለውን ማብራት አብዛኛውን ያስቆማል። ማክም ቬንቹራ ከተባለው የሲስተሙ ስሪት ጀምሮ «ሎው ዳታ ሞድ» የሚባል ዳታ መቆጠቢያ አለው። ኡቡንቱም ንጹሕ አይደለም፤ ስናፕ የተባሉትን ፕሮግራሞች ለማደስ በቀን አራት ጊዜ ይፈትሻል፤ ቢሆንም ማስቆም ይቻላል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል አሮጌ ላፕቶፕ በርካሽ ካገኙና ካርዱ ኢንቴል ከሆነ ኡቡንቱ ጭነው ይግዙት። ካርዱ ሌላ ከሆነና የፍላሹን ፈተና ካላለፈ፣ ሻጩ በኢንቴል ካርድ ቀይሮ እንዲሰጥዎ ወይም የካርዱን ዋጋ እንዲቀንስልዎ ይጠይቁ።