ሦስት ቀን ዝም ብላ ላየችልን ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፣ ለጥቆማም ጭምር። ኢንተርኔቱ «ፈጣን ነው» እየተባለ ሥራ አላሠራ ያለው ሰው ካለ ያንብበው።

ሰባት ሆነን በአንድ መስመር ነው የምንሠራው። ጠዋት ሰላም ነው። ከሰዓት በኋላ የቪዲዮ ስብሰባ ስንጀምር ግን ፊታችን ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል። «ይሰማል? ይሰማል?» እየተባባልን ደንበኛው ይዘጋዋል። ስፒድ ቴስት ስናደርግ ቁጥሩ ልክ ነው። መስመሩን የሚያቀርብልን ድርጅት ጋ ስንደውል «በኛ በኩል ችግር የለም» ይባላል። አንዱ ባለሙያ ራውተር አስቀየረን። ሌላው ኬብል አስቀየረን። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ የመጣችው ልጅ ምንም አልቀየረችም። ቁጭ አለችና «ችግሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው?» ብላ ጠየቀች። እርስ በርስ ተያየን። ማናችንም መዝግበን አናውቅም። ከዚያ ትንሽ ኮምፒውተር አወጣች። ኮምፒውተሮቻችንን በሚያገናኘው ስዊችና በራውተሩ መሀል የሚያልፈው ሁሉ ቅጂው ወደሷ እንዲመጣ አንድ ፖርት አስተካከለች። «ሦስት ቀን እንደተለመደው ሥሩ» ብላ ሄደች።

እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄ ነበር። ሥራ ቆሞብን ሦስት ቀን? ደግሞ ጆሮ ጠቢ ቢሮ ያስገባሁ መሰለኝ። በስልክ «እህቴ፣ ደብዳቤያችንን ልታነቢ ነው እንዴ?» አልኳት። ሳቀች። ከእያንዳንዱ ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ ከሚሄድባቸው ቁራጮች አንዱ) የምታስቀረው ግንባሩን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። የፖስታውን አድራሻ እንጂ ውስጡን አይደለም። ስትመለስ ፋይሉን ከፍታ አሳየችኝ፣ እውነትም ቁጥር ብቻ ነው።

ለምን ፒንግ (መልሱ የሚቆጠርለት ትንሽ የሙከራ መልእክት) ልካ አትለካም ብዬም ጠይቄ ነበር። መልሷን ወደድኩት። ሰው ፒንግ የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስፒድ ቴስት ደግሞ እኛ የምናየው ቁጥር በሰከንድ ስንት እንደሚያልፍ እንጂ አንዱ ፓኬት ስንት እንደሚጠብቅ አይነግረንም። እሷ ግን መስመሩ ላይ አንድም ፓኬት አልጨመረችም። ቲሲፒ፣ ማለትም ተቀባዩ መድረሱን እያረጋገጠ ዳታ የሚላክበት ደንብ፣ ብዙ ጊዜ ፓኬቱ ላይ የሰዓት ምልክት ያትማል። ተቀባዩ መልስ ሲሰጥ ያንኑ ምልክት ይመልሰዋል። መሀል የቆመ ሰው ምልክቱ ወጥቶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ መቁጠር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ምልክት የሌለው ካለ የተላከውን የባይት ቁጥር ተቀባዩ ከሚመልሰው ማረጋገጫ ጋር ታገናኛለች። የቪዲዮው ስብሰባ ራሱ በዚህ መንገድ አይታይም፣ ማረጋገጫ በማይጠብቀው በሌላው ደንብ፣ በዩዲፒ ስለሚሄድ። ግን እሱም በዚያው ወረፋ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ጎን ለጎን የሚሄደውን አይታ ታውቃለች።

በአራተኛው ቀን ግራፉን ዘረጋችው። ጸጥ ባለ ሰዓት ደርሶ መልሱ 20 ሚሊሰከንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ያድጋል። 2,000 አካባቢ ሲደርስ ቁልቁል ይወርድና እንደገና ይጀምራል። የመጋዝ ጥርስ ነው የሚመስለው። ሁለት ሰከንድ! ወደ እኛ ኮምፒውተሮች ባለው በኩል ግን ከ1 ሚሊሰከንድ አይበልጥም። ደግሞ ወደ የትኛውም ሰርቨር ብንሄድ መዘግየቱ በዚያው ደቂቃ አብሮ ያብጣል። ስለዚህ ሩቅ ያለ ሰርቨር አይደለም የተጨናነቀው፣ ሁላችንም የምናልፍበት አንድ በር ነው። ከሥሩ የምንልከው መጠን ተስሏል፤ አፕሎዱ በዚያው ሰዓት 1 ሜጋቢት ላይ ተጣብቋል። መስመሩ የሚችለው እሱን ብቻ ነው።

የሚልከው ማን ሆነ? የኔው ኮምፒውተር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ባክአፕ (የፋይሎቹን መጠባበቂያ ቅጂ መላክ) የሚጀምር። አፈርኩ።

እሷ ግን ጥፋቱን በባክአፑ ላይ አላደረገችም። ወረቀት አውጥታ አባዛች። 2 ሰከንድ በ1 ሜጋቢት 2 ሜጋቢት ነው፣ ይህም 250 ኪሎባይት ያህል። «ሞደማችሁ ውስጥ ይህን የሚያህል ባፈር፣ ፓኬት ተራ የሚጠብቅበት ማከማቻ፣ አለ» አለች፣ ሞደሙን ሳትከፍት። ላኪው ፍጥነቱን የሚቀንሰው ፓኬት ሲጠፋ ነው። ባፈሩ ትልቅ ሲሆን እስኪሞላ ድረስ ምንም አይጠፋም፣ ወረፋው ብቻ ይረዝማል። የቪዲዮው ፓኬት ከባክአፑ ኋላ ተሰልፎ ሁለት ሰከንድ ይጠብቃል። ችግሩ ስምም አለው፣ በፈርብሎት። ጂም ጌቲስ የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣለት ነው፤ እሱም ከቤቱ ፋይል ሲልክ ነው አሉ የገጠመው። ትንሽ ተጽናናሁ።

መፍትሔው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ራውተሩ ላይ አፕሎዱን 850 ኪሎቢት ላይ ገደበችው። ወረፋው ከሞደሙ ወጥቶ ራውተሩ ጋ እንዲሆን ነው፤ እዚያ ደግሞ ሥርዓት የሚያስይዘው አለ። ኤፍኪው-ኮድል ይባላል። ለእያንዳንዱ ግንኙነት የየራሱን ወረፋ ይሰጣል፣ ወረፋው ላይ የቆየውን ደግሞ ቶሎ ይጥላል። የዚህን መሠረት፣ ኮድልን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረጉት ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ናቸው። የተለመደው የመጠበቂያ ልክ 5 ሚሊሰከንድ ነው። እሷ 15 አደረገችው። ለምን ስላት በዚህ ፍጥነት አንድ ሙሉ ፓኬት ለመውጣት ብቻ 14 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል አለችኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ ባክአፑ እየሄደ፣ እንደገና ለካች። ደርሶ መልሱ 50 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ባክአፑ ከበፊቱ ትንሽ ዘግይቶ ያልቃል፣ እኔ ግድ የለኝም።

እንከን የላትም እንዳትሉኝ፣ ስልክ ቶሎ አታነሳም። ስታብራራም አታቆምም፤ የቸኮለ ሰው ይሰላቻል። የማትችለውን ግን አልችልም ትላለች፣ የማያስፈልግ ዕቃም አታስገዛም።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። አስቀድማችሁ ግን ችግሩ የሚጀምርበትን ሰዓት መዝግቡ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።