«ለሁሉም ይሆናል» የተባለው አዳፕተር

ትንሽ ብረት ነው። የእንግሊዝኛውን ኤል ፊደል ይመስላል። አንዱ ጫፉ ሩቁን አቅርቦ ከሚያሳየው ባለ ሁለት ቱቦ መነጽር፣ ከባይኖኩላሩ ፊት፣ በሁለቱ ቱቦዎች መሃል ካለው ማጠፊያ ላይ በብሎን ይታሰራል። ሌላኛው ጫፉ ትራይፖድ በሚባለው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። ሥራው ይኸው ነው። ባትሪ የለው፣ መተግበሪያ የለው፣ የሚበላሽ ነገር የለው። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ቤተሰብ ያጣላል ቢባል ማን ያምናል?

እኔ ቤት ግን አጣልቷል። ከገዛሁት ወራት አልፈዋል፤ ስንት ቅዳሜና እሁድ አብሮን ዞሯል። ዛሬ የምጽፈው ስለተሰበረ አይደለም። ቢሰበር ኖሮማ እገላገለው ነበር። አይሰበርም። አሉሚኒየሙ ወፍራም ነው፣ ቀለሙም አልተላጠም። ችግሩ ያለው እዚያው ውፍረቱ ላይ ነው።

ባይኖኩላሬ 10 በ42 የሚባለው ዓይነት ነው። አሥር ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊሜትር ነው። አሥር ጊዜ የሚያቀርብ መሣሪያ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ገፈርሳ ግድብ ዳር ቆሞ ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የለም። ሣር ሲግጥ ግራጫማ ቡኒ ነው፤ ከመሬቱ ጋር ይመሳሰላል። ሰማያዊው ደህና አድርጎ የሚታየው ክንፉን ሲዘረጋ ነው። እስኪዘረጋ ድረስ ክንድ አንስቶ መጠበቅ ያደክማል። ትራይፖድ ሲኖር ግን ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ክንድም ያርፋል። ስለዚህ ደስታ ብዙ አላወራም። ይሠራል።

የሚሠራው ግን ለእኔ ብቻ ነው።

ነገሩ የፈነዳው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። አባ ኮዳዎቹ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ሆድ ዕቃ ይሻማሉ፣ ፔሊካኖቹ ከጎን ተራ ይጠብቃሉ። ባይኖኩላሩን አነጣጥሬ ለልጄ ቦታ ለቀቅኩላት። ሰባተኛ ክፍል ናት። ጎንበስ ብላ አየችና ቀና አለች።

«አባዬ፣ ግማሹ ጨለማ ነው።»

«ቱቦዎቹን ጠጋ ጠጋ አድርጊያቸው።»

«እምቢ አሉ።»

እኔም ሞከርኩ። እምቢ አሉ። እናቷ መጣች፤ ለእሷም ዳር ዳሩ ይጨልማል። ልጄ በመጨረሻ አንድ ዓይኗን ጨፍና በአንዱ ቱቦ ብቻ ስታይ ዋለች። ሁለት ዓይን ያለው መሣሪያ ገዝቶ በአንድ ዓይን! ባለቤቴ ዕቃ ስንጭን «በሚቀጥለው ይህን ብረት ቤት ተወው» አለችኝ። በጣም የነደደኝ እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ያለ ብረቱ እኔ አላይም፣ ከብረቱ ጋር እነሱ አያዩም።

ቤት ገብቼ ማስመሪያ አወጣሁ፣ ከጎረቤት ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ ተዋስኩ። ሒሳቡ የልጅ ሒሳብ ነው።

የእኔ ባይኖኩላር ቱቦዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ሩፍ ፕሪዝም የሚባሉት ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ላይ በሁለቱ የፊት ሌንሶች መካከል ያለው ርቀት ከተመልካቹ ሁለት ዓይኖች ርቀት ጋር እኩል ነው። የእኔ ዓይኖች ከመሃል እስከ መሃል 67 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። የባለቤቴ 61 ነው፣ የልጄ 57። የአንዱ ቱቦ ውፍረት ከነጎማው 51 ነው። እንግዲህ ቀንሱ። ለእኔ ሲከፈት በቱቦዎቹ መሃል 16 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል። ለባለቤቴ 10 ይቀራል። ለልጄ 6። በዚያ ክፍተት የሚያልፈው የአዳፕተሩ አንገት ስንት ነው? 14!

እኔ አለፍኩ፣ እነሱ ወደቁ።

ቱቦዎቹ 65 ላይ ሲደርሱ አንገቱ ያግዳቸዋል ማለት ነው። ለልጄ 8 ሚሊሜትር ትርፍ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን 42ን ለ10 ስናካፍል 4.2 ይመጣል። ከባይኖኩላሩ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ይህ ብቻ ነው። ቀን በፀሐይ ደግሞ የዓይን ብሌን ጠቦ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። አንዱ ዓይን ክቡ መሃል ሲገባ ሌላው በ8 ሚሊሜትር ይስታል፣ ጨለማ ያያል። ልጄ «ግማሹ ጨለማ ነው» ያለችው በልኩ ነበር።

የአዋቂ ሰው የዓይን ርቀት በአማካይ 63 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ አዳፕተር ደግሞ ቱቦዎቹን ከ65 በታች አያስጠብብም። እንግዲህ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ በካርቶኑ ላይ የተጻፈበት ዕቃ ከመካከለኛው ሰው በላይ ነው የሚጀምረው። ሁሉም ማለት ማን ነው? የእኔን የመሰለ ሰፊ ፊት ያላቸው ወንዶች ማኅበር አለ እንዴ?

ከሻጩ ጋር በልቤ ስንት ጊዜ እንደተሟገትኩ። ሁሌ የሚመልስልኝ አንድ ነው። «ወንድሜ፣ ብሎኑ ስታንዳርድ ነው።» አዎ፣ ነው! ብሎኑን ማን ጠየቀህ? አብዛኛው ባይኖኩላር ማጠፊያው ፊት ላይ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ ቀዳዳ አለው። ክዳኑ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ምልክት ስላለበት ጌጥ ይመስላል፤ በጣት ሲዞር ግን ይፈታል። ውስጡ ያለው ጥርስ ካሜራ ትራይፖድ ላይ ከሚታሰርበት ጋር አንድ ነው፤ ሩብ ኢንች፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ። በዚህ በኩል የሚያስቸግር አዳፕተር ብርቅ ነው። ሻጮች ግን የሚያወሩት ስለዚሁ ብቻ ነው። ስለ አንገቱ ውፍረት ካርቶኑ ላይ አንድ ቁጥር የለም። ርዝመት አለ፣ ክብደት አለ፣ «የአውሮፕላን አሉሚኒየም» የሚል አለ። በአውሮፕላን የምሄድበት ይመስል።

ስለ ብሎን ከተነሳ ግን አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ዕቃውን እንዳያበላሽ። የአዳፕተሩ ብሎን ቢጠፋባችሁ ከብረታ ብረት ሱቅ የ6 ሚሊሜትር ብሎን ገዝታችሁ አትሞክሩ። ልክ ይመስላል፣ አይደለም። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊሜትር ነው፤ የጥርሶቹ ርቀትም 1.27 እንጂ እንደ 6ቱ 1 ሚሊሜትር አይደለም። ትንሽ ይገባና ይላላል፣ አስገድደው ሲያጠብቁት ጥርሱን ይበላዋል። ጥርሱ የተበላ ባይኖኩላር ደግሞ አንድ ቀን ከትራይፖዱ ላይ ይወርዳል። የብሎኑ ርዝመትም ልክ ይፈልጋል። ከረዘመ ቀዳዳው ወለል ላይ ደርሶ ይቆማል፣ አዳፕተሩም አይጠብቅም። ሲያጥር በጥቂት ጥርስ ብቻ ይንጠለጠላል።

ሻጩ አሁንም አልተረታም። «ታዲያ ሌላ ባይኖኩላር ይሞክሩበት» ይለኛል። አየህ፣ እዚህ ላይ እውነት አለው፤ ይኸው ነው የሚያበሳጨኝ። የድሮው ቅርጽ ያላቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ፖሮ የሚባሉት ባይኖኩላሮች የፊት ሌንሶቻቸው ከዓይን ርቀት ይልቅ በጣም ይራራቃሉ። በመሃላቸው እንኳን 14 ሚሊሜትር አንገት፣ አውራ ጣትም ያልፋል። 10 በ50 ፖሮ ያለው ሰው ያገኘውን አዳፕተር ይግዛ፣ አይጨነቅ። ጭንቀቱ ለእኛ ነው፤ ቀጭንና ዘመናዊ ብለን ለገዛነው። ለትናንሾቹ የኪስ ባይኖኩላሮች ደግሞ ወሬውም የለም፣ ብዙዎቹ ቀዳዳው ራሱ የላቸውም። ውድነትም ዋስትና አይደለም። ስዋሮቭስኪ ኢኤል የሚባለው ውድ ባይኖኩላር ያን ሁሉ ገንዘብ ተከፍሎበት የብሎን ቀዳዳ የለውም፤ በማሰሪያ የሚጠፍረው የራሱ መያዣ ለብቻው ይሸጥለታል።

ለመመለስ ሞክሬያለሁ። «ተከፍቷል» አሉኝ። ሳልከፍተው እንዴት ልሞክረው? «ብልሽት የለበትም» አሉኝ። ይህም እውነት ነው። ብልሽት የለበትም!

ስለዚህ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት የአሉሚኒየሙን አንገት ላጥ ላጥ ለማስደረግ ነበር። ባለሙያው በእጁ እያገላበጠ ካየው በኋላ «ጋሼ፣ እኔ እልጠዋለሁ፤ በኋላ ግን ይወዛወዝብዎታል» አለኝ። አሉሚኒየም እስከ 5 ሚሊሜትር ከቀጠነ ያን ክብደት ይዞ ይንቀጠቀጣል ማለቱ ነው። ባይኖኩላሩን ራሱን አምጣ አለ። ሻጩ ይህን ብቻ ቢለኝ ኖሮ!

ባይኖኩላሩን ወሰድኩለት። ለልጄ ዓይን ልክ አጠበብነው። እሱም ጎንበስ ብሎ በቱቦዎቹ መሃል አየ፣ ለካ፣ እንደገና አየ። ከዚያ አንድ የማላውቀውን ነገር አሳየኝ። ጠባቡ ቦታ የቱቦዎቹ ሆድ ለሆድ የሚቀራረቡበት መስመር ነው እንጂ የብሎኑ ቀዳዳ ያለበት አይደለም። የእኔው ባይኖኩላር ሲታጠፍ ማጠፊያው ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ እዚያ ቦታ አለ። ስለዚህ አንገቱ በሙሉ ቀጭን መሆን የለበትም። ራሱ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን ሊሆን ይችላል።

የ5 ሚሊሜትር ላሜራ ቆረጠ። ስስ ጎኑ በቱቦዎቹ መሃል እንዲያልፍ በጠርዙ አቆመው። ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ግን ሰፋ አድርጎ ተወው፤ ጥንካሬውን ከዚያ ያገኛል። አናቱ ላይ ለብሎኑ ማለፊያ አጭር ቱቦ በየደበት። እግሩ ላይ ሌላ ቁራጭ ብየዳ አድርጎ የሩብ ኢንች ጥርስ አወጣለት። የወሰደው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። የጠየቀኝን ገንዘብ አልናገርም። ባለቤቴ ይህን ታነባለች፤ ከአሉሚኒየሙ ዋጋ ጋር ታስተያየዋለች።

ቆንጆ ነው? አይደለም። የብየዳው ጠባሳ ይታያል። ጠርዙ ስለታም ስለነበር በሞረድ ቢያስተካክለውም ጣት ይይዛል፤ ፕላስተር ጠቅልዬበታለሁ። ቀለም ስላልተቀባ ሐይቅ ዳር ከዋለ በኋላ ዝገት ይጀማምረዋል። ከአሉሚኒየሙ ይከብዳል። እንጦጦ ላይ ነፋስ ሲኖር ወደ ጎን ትንሽ ይርገበገባል፤ አሉሚኒየሙ ይህ ችግር አልነበረበትም። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ግን ልጄ በሁለት ዓይኗ ታያለች። ለተራ መጋፋት ሁሉ ተጀምሯል። አሁን ጭቅጭቁ «አባዬ በቃህ፣ ልቀቅልኝ» ሆኗል።

ልግዛው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ከቤታችሁ ሰው የማን ዓይን እንደሚቀራረብ ለኩ። መስታወት ፊት ቆሞ በማስመሪያ ይቻላል፤ ሌላ ሰው ቢለካላችሁ ይሻላል። የባይኖኩላሩን የአንድ ቱቦ ውፍረት ከዚያ ላይ ቀንሱ። የቀረው ቁጥር ከአዳፕተሩ አንገት ካልበለጠ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አድርጉ። ሻጩ የአንገቱን ውፍረት ካላወቀ ይለካላችሁ። «ዩኒቨርሳል ነው» ካለ ደግሞ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ዕቃው ራሱ መጥፎ አይደለም ለሚለኝ ሰው ጨዋ መልስ የለኝም። ለሦስት ሰው ብዬ ገዝቼ ለአንድ ሰው የሆነ ዕቃ ለእኔ መጥፎ ነው።

አሉሚኒየሙን ለባለቤቴ ወንድም ሰጠሁት። ትልቅ 10 በ50 ፖሮ አለው፤ ቢሾፍቱ ነው የሚኖረው፣ ሆራ ሐይቅ ከቤቱ ሩቅ አይደለም። በሳምንቱ ደወለ። «ምን ዓይነት ግሩም ዕቃ ነው የሰጠኸኝ! ልጆቹም፣ እማማም፣ ሁሉም አዩበት። እኔ የምለው፣ ይህን የመሰለ ነገር እንዴት ጨክነህ ሰጠኸኝ?» ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁት።