ነገ ልደታ ፍርድ ቤት ለምትሄዱ ቤተሰቦች፦ አንድ ምስጋና፣ አንድ ጥቆማ

ይህን ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እፍረት ነው የያዘኝ። ወንድሜ ሰው ገድሏል። ይህቺን አጭር ነገር ከአፌ ለማውጣት ራሱ ስንት ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እሱ አይደለም፤ አጠገቡ ስለቆሙት ጠበቃ ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ አደራ ብለውኛል። የሚሠሩበትን መሥሪያ ቤት ግን ልንገራችሁ፦ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው። እኛ በሰፈራችን «የመንግሥት ጠበቃ» እያልን የምናጣጥለው።

ወንድሜ በያጅ ነው። ኮልፌ አካባቢ አንድ ብረታ ብረት ቤት ይሠራ ነበር። ከሥራ ጓደኛው ጋር በ3,000 ብር ብድር ምክንያት ከተኮራረፉ ሰንብተዋል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነገሩ ገነፈለ። ወንድሜ እጁ ላይ በነበረው ቱቦላሬ መታው። አንድ ጊዜ ነው የመታው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል አረፈ። እሱም እናት አለችው፤ እሱም ታናሽ እህት አለችው። ይህን ሳልጽፍ ምስጋናዬን ብቀጥል ነውር ይሆንብኛል።

ክሱ ሲደርሰን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ይላል። ከባድ የሰው ግድያ። ያነበበልን የጎረቤት ልጅ አንዴ ቀና ብሎ አየንና ዝም አለ። «ቅጣቱ ምን ይላል?» ስለው «ዕድሜ ልክ ወይም ሞት» አለ። እናቴ «ዕድሜ ልክ» የሚለውን አልሰማችም። የሰማችው ሌላኛውን ብቻ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ዱባይ ያለችው እህታችን ያጠራቀመችውን ላከች። ጠበቃ ያዝን። ግማሹን ክፍያ ተቀበለ፣ ሁለት ቀጠሮ መጣ፣ ከዚያ ስልኩ ዝግ ሆነ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ደግሞ «ዳኞቹን አውቃቸዋለሁ፣ እጨርስላችኋለሁ» የሚል ደላላ ገጠመን። ለእሱ ሳንሰጥ የቀረነው ጨዋነት ይዞን አይደለም፤ ብሩ ስላለቀብን ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዳኛው «ጠበቃህ የት አለ?» አሉት። ወንድሜ «የለኝም፣ አቅምም የለኝም» አለ። ትእዛዝ ተጻፈ። የተከላካይ ጠበቃ ይመደብለት ተባለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለካ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ኖሯል፦ ጠበቃ የማቆም አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ሰው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። እኛ የእህታችንን ላብ ከበላን በኋላ ነው ያወቅነው።

እኔ ግን ደስ አላለኝም። እንዲያውም አለቀስኩ። «መንግሥት ይከሳል፣ መንግሥት ይከላከላል? ይኼ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ዕድር ላይ ሳይቀር። ዛሬ ያንን የሰሙኝ ሰዎች ይህንንም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ጠበቃዋን ያገኘኋቸው ኮሪደር ላይ ነው። አምሳ ዓመት የሚጠጉ፣ ክንዳቸው ሥር የፋይል ቁልል ያቀፉ ሴት ናቸው። ሰላምታቸው አጭር ነው። እኔ ስለ ወንድሜ ጥሩነት ላወራ ስጀምር አቋረጡኝና «ድርጊቱ ሲፈጸም ዕድሜው ስንት ነበር?» አሉ። ሃያ አራት ስላቸው ጻፉና ቀጠሉ። ቅር አለኝ። ምክንያቱን የነገሩኝ ቆይተው ነው። በእኛ ሕግ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ላይ ሞት አይፈረድም። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው የገጠር ልጅ ደግሞ ስንት አለ። ፖሊስ «በግምት 20» ብሎ ከጻፈው በኋላ ማንም ካልጠየቀ ግምቱ እውነት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እሳቸው ሞት ያለበት መዝገብ ሲመጣላቸው ከሁሉ በፊት ዕድሜ ይጠይቃሉ። ጥርጣሬ ካለ በሕክምና ይመርመርልን ብለው ያመለክታሉ።

ቀጥለው እናቴን ያዟት። ሲወለድ ምጡ እንዴት ነበር? ልጅ ሆኖ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል? ስንተኛ ክፍል አቋረጠ? ለምን? እናቴ ግራ ገባት። «ልጄ፣ አንቺ ጠበቃ ነሽ ሐኪም?» አለቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። «እማማ፣ ዐቃቤ ሕግ የሚያውቀው ያቺን ቀን ብቻ ነው። የቀረውን 24 ዓመት ለዳኞቹ የማመጣው እኔ ነኝ» አሏት።

አሁን ስለ ሥራው ራሱ ላውራ። መዝገባችን የተንጠለጠለው አንድ ነገር ላይ ነበር። 539 እንዲሆን ወንድሜ አስቦበት፣ ተዘጋጅቶ ወይም በተለየ ጭካኔ መግደል አለበት። ይህ ካልተረጋገጠ ነገሩ ወደ አንቀጽ 540 ይወርዳል። ተራ የሰው ግድያ ይሉታል። (ስሙን ስሰማ ደሜ ፈላ። ለሟች እናት ምኑ ነው ተራ?) የእሱ ቅጣት ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተከታታይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የሰው ነፍስ ነው።

ክሱ የሚለው «ቂም ይዞ ከቦታው ሄደ፤ ብረት አዘጋጅቶ ተመልሶ መታው» ነው። ወንድሜ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ቱቦላሬውን አምጣ ተብዬ ነው የሄድኩት» ይላል። ያ የመጀመሪያው ጠበቃ ይህንን ሰምቶ አልፎታል። እሳቸው ግን ወንድሜ የታሰረበት ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ድረስ ሄደው ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ ሥራ ቦታው ድረስ መጡ። ከመጋዘኑ እስከ መበየጃው በእግራቸው ሄደው ሰዓታቸውን አዩ። መጋዘን ጠባቂውን «ዕቃ ሲወጣ ምን ላይ ትጽፋላችሁ?» አሉት። ደብተር አለ። በዚያን ቀን፣ ለአንድ በር ፍሬም የሚሆን ቱቦላሬ ወጪ ተደርጓል። ከጎኑ የወንድሜ ፊርማ አለ። ደብተሩ ዘይት በዘይት ሆኖ ከባትሪ ድንጋይ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው አመለከቱ።

የዐቃቤ ሕግ ምስክር የነበረው የሥራ ቦታው ባለቤት ነው። ቃሉን ሰጠ፤ «ሄዶ ብረት ይዞ ሲመለስ አየሁት» አለ። መስቀለኛ ጥያቄ የእሳቸው ተራ ሆነ። እኔ ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ እንደ ቴሌቪዥን። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ብረቱን እንዲያመጣ የላከው ማን ነው?» ሰውየው ትንሽ ዘገየ። «እኔ ነኝ» አለ። «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብለው ተቀመጡ። እኔ ገና ይቀጥላሉ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር።

ብይኑ ሲሰጥ ፍርድ ቤቱ ቀድሞ አስቦ ስለመግደሉ አልተረጋገጠም፣ በ540 ይከላከል አለ። እናቴ ከሰው ፊት ላይ ነው የምታነበው፤ እጄን ይዛ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ትለኛለች። «ሞት የለም» አልኳት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለሌሎችም ስለሚጠቅም ረዘም አድርጌ ልጻፈው። እኛ ገና ክሱ እንደተከፈተ ለሟች ቤተሰብ ሽማግሌ ልንልክ ተነስተን ነበር። ደም ማድረቅ የምናውቀው ባህላችን ነው። እሳቸው ከለከሉን። «ምስክር እየተሰማ ሽማግሌ ብትልኩ ምስክር አባበሉ ትባላላችሁ። ወንድምሽንም ሳይፈረድበት አመነ ያሰኘዋል። ጠብቁ» አሉኝ። አንጀቴ አልቻለም፣ ግን ጠበቅን። በ540 ጥፋተኛ ተባለ። ለቅጣት አስተያየት ቀጠሮ ሲሰጥ ያን ማታ ደወሉልኝ፤ «አሁን ሽማግሌዎቻችሁን ላኩ» አሉ። እርቅ የሰው ግድያ ክስን አያስቀርም። ከልብ መጸጸትና መካስ ግን ቅጣት ማቅለያ ነው፤ የቅጣቱን እርከን (ደረጃ) ያወርዳል። ሽማግሌዎቹ አራት ጊዜ ተመላለሱ። በአራተኛው የሟች አባት በሩን ከፈቱ። እናቴ እዚያ ቤት ገብታ ያለቀሰችው ለቅሶ ለመዝገብ የሚሆን አልነበረም።

የዕድሩ ደብዳቤ፣ የቀበሌው ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ካርዱ፣ የቀድሞ ሪከርድ የሌለበት መሆኑ ሁሉም ገባ። ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት።

እልል ልንል ስንል ደግሞ አስቆሙን። «ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ይላል፤ አትዝናኑ» አሉ። በማግስቱ ቢሮ ስሄድ የደርግ ባለሥልጣናትን መዝገብ ምሳሌ አድርገው አስረዱኝ። ችሎቱ የተከፈተው በ1987 ታኅሣሥ ነው። ጠበቃ ማቆም ለማይችሉት ከዚሁ ቢሮ ተመድቦላቸዋል። ያኔ የነበሩ ባልደረቦቻቸውን ሰው በየመንገዱ «ለእነዚህ እንዴት ትቆማላችሁ?» ይላቸው ነበር አሉኝ። መንግሥቱ ኃይለማርያም ጥር 1999 በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ለወጠው። እስር ላይ የነበሩት ከፍተኛ ባለሥልጣናት ላይም ሞት ተፈርዶ ነበር። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ በግንቦት 2003 የ23ቱን ወደ ዕድሜ ልክ አወረዱላቸው። «ስለዚህ መዝገብ ተዘጋ የሚባለው ሲዘጋ ነው» አሉ። እኛ ላይ ይግባኝ ሳይባል ጊዜው አለፈ።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ኢትዮጵያ ውስጥ ሞት ቢፈረድም አይፈጸምም፣ ምን ያስጨንቃችኋል?» የሚሉን ነበሩ። እኔም ልጽናና ብዬ ይህንኑ ጠየቅኳቸው። ፋይሉን ዘጉ። እሳቸው ከስድስት ኪሎ ተመርቀው ሥራውን ሲጀምሩ ገና አዲስ ሳሉ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1999፣ የሻለቃ ጸሐዬ ወልደሥላሴ ቅጣት መፈጸሙን በዜና ሰምተዋል። ሻለቃው የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረመድኅንን በ1993 መኮንኖች ክበብ ገድለው የተፈረደባቸው ናቸው። በፍርዱና በአፈጻጸሙ መካከል ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ላይ አልተፈጸመም። ፍርዱ ግን ዛሬም ይሰጣል። ያለ ርዕሰ ብሔሩ ማጽደቅ ደግሞ አይፈጸምም፤ የወንጀል ሕጉ 117 ላይ ተጽፏል። «አየሽ፣ ያ ሰው ማጽደቅም አለማጽደቅም ይችላል። እስኪወሰን ድረስ ደንበኛዬ በየጠዋቱ የበር ድምፅ ሲሰማ ይነቃል። አይፈጸምም ብዬ የምተኛበት ሥራ አይደለም» አሉኝ።

ሁሉም ነገር ደስ የሚል ነበር አልልም። ስልካቸውን የሚያነሱት ሲመቻቸው ነው፤ ችሎት ላይ ናቸዋ። ቢሯቸው ጠባብ ነው፣ ወንበር የለም፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጠበቃ ይሠራል። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ጠብቄ «ዛሬ አልችልም፣ ሂጂ» ብለው መልሰውኛል። ተናድጄ ወጣሁ። በኋላ ስሰማ በዚያን ቀን አንዱ ደንበኛቸው ላይ ሞት ተፈርዶበት ነው። ያንን መዝገብ ይዘው ለይግባኝ ውሳኔውን ሊያስገለብጡ እየሮጡ ነበር። ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይኸው። ሰው ከባድ ወንጀል ከተከሰሰባችሁ፣ አቅም ከሌላችሁ፣ ቤት አትሽጡ። ተከሳሹ ራሱ ችሎት ፊት «ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም» ይበል፤ ፍርድ ቤቱ ያዝለታል። ክፍያ የለውም። «ለቡና» ብሎ የጠየቃችሁ ካለ ከዚያ ቢሮ አይደለም። ማን እንደሚመደብላችሁ አትመርጡም፣ የእኔን ጠበቃ ልታገኙም ላታገኙም ትችላላችሁ። ማንም ይመደብ፣ እናንተም ሥሩ፦ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክትባት ወረቀት፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የደብተር ቁራጭ ሳይቀር ሰብስባችሁ ውሰዱ። ተከሳሿ ሴት ከሆነች የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንም ጠይቁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ ጠልፎ የደፈራትን ሰው ገድላ ለተከሰሰችው ታዳጊ የቆመው ይኸው ማኅበር ነው፤ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተለቃለች። ያኔ ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ኋላ፣ እስከ 2015 ድረስ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ የእኔ ጠበቃ መሥሪያ ቤት የበላይ ነበሩ ማለት ነው።

ፍርዱ ያለቀ ሰሞን እናቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ ይዘን ሄድን። ጠበቃዋ ደነገጡ። «እማማ፣ እኔ ስጦታ አልቀበልም፣ ክልክል ነው» አሉ። እናቴ «ዳቦ ጉቦ ነው እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ተከራከሩ፤ እውነቴን ነው፣ ችሎት ላይ እንዲያ ሲከራከሩ አላየኋቸውም። በመጨረሻ ዳቦው ኮሪደሩ ላይ ተቆረሰ። ለጥበቃው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ወንበር አጥተው ግድግዳ ተደግፈው ለቆሙት ቤተሰቦች ሁሉ ደረሰ። አንዲት ክሱን አራት አጥፋ የያዘች ሴት ቁራሿን ተቀብላ አልጎረሰችውም። ጠበቃዋ የእሳቸውን ድርሻ መስኮቱ ላይ አስቀመጡና ወደሷ ዞሩ።

«ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?»