ሳንዲስክ ክሊፕ ፕላስ፦ ያገለገለች ገዝቶ ጅማ ላይ ለማቆየት

የሳንዲስክ ኩባንያ ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ ሳንሳ ክሊፕ ፕላስ፣ የወጣችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ነው፤ ማምረቱ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ጅማ ላይ የምትገኘው ያገለገለች ናት፤ ሄርማታ መርካቶ ከስልክ መለዋወጫ ጋር ተደባልቃ ወይም ከውጭ በዘመድ መጥታ። እኛ ዛሬም ልትገዛ፣ ብትበላሽም ልትጠገን ይገባታል እንላለን። «ቦርዷ ተቃጥሏል» ተብላ መሳቢያ ውስጥ ከተወረወረችው ብዙዋ ጤነኛ ናት፤ ችግሩ ያለው ፋይሉ፣ ሚሞሪው፣ ገመዱ ወይም ባትሪው ላይ ነው።

በድምፅ ከዋጋዋ በላይ ናት። የኤርፎን መውጫዋ ኢምፔዳንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ወደ 1 ኦም ብቻ ስለሆነ ኤርፎን በቀየሩ ቁጥር የድምፁ ጠባይ አይዛባም። ኤምፒ ስሪ፣ ደብልዩ ኤም ኤ፣ ኦግ እና ፍላክ የሚባሉትን የድምፅ ፋይል ዓይነቶች ታጫውታለች። የራሷ 2፣ 4 ወይም 8 ጊጋባይት አላት፤ በጎኗ እስከ 32 ጊጋባይት ማይክሮ ኤስዲ ትቀበላለች። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ ስሪ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ፣ 32 ጊጋባይት ከ500 ሰዓት በላይ ይይዛል።

ጅማ ላይ ደግሞ የሚደመጠው ዘፈን ብቻ አይደለም። መንዙማ፣ ቁርኣን፣ ስብከት አንዱ ፋይል ብቻውን 40 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። መሃል ላይ አጥፍተው ሲያበሩ ካቆመበት እንዲቀጥል ፋይሉን «ሙዚክ» ፎልደር ውስጥ ሳይሆን «ኦዲዮቡክስ» ወይም «ፖድካስትስ» ውስጥ ያስገቡት። ይህን የማያውቅ ሰው ማጫወቻዋን በከንቱ ያማርራል። የፋይሉንና የዘፋኙን ስም በላቲን ፊደል ይጻፉት፤ የፋብሪካው ሶፍትዌር የግዕዝ ፊደል አያሳይም።

ሬዲዮዋ ጥሩ ነው፤ አንቴናዋ የኤርፎኑ ገመድ ስለሆነ ግን ኤርፎን ሳይሰካ አትይዝም። የሬዲዮ ክልል ሴቲንጓ አሜሪካ ላይ ከተሞላ ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር ጎዶሎ የሆነባቸውን ጣቢያዎች ብቻ ትረግጣለች፤ 102.0 ወይም 98.2 ላይ ያለ ጣቢያ ይዘለላል። ሴቲንግ ገብተው ክልሉን «ሬስት ኦፍ ወርልድ» ያድርጉት።

ሊገዙ ሲሄዱ የራስዎን ኤርፎን፣ የሚሠራ ሚሞሪ እና የሚኒ ዩኤስቢ ገመድ ይያዙ። ሚኒ ነው፣ ማይክሮ አይደለም፤ የድሮ ዲጂታል ካሜራ ገመድ ይገጥማል። ኤርፎኑን ሰክተው ሶኬቱን በቀስታ ያዙሩት፤ አንዱ ጆሮ ከጠፋ ወይም ከተንኮሻኮሸ ወይ ጃኩ (የኤርፎኑ ቀዳዳ) ቆሽሿል ወይ ብየዳው ተሰንጥቋል። ሚሞሪ ያስገቡና ዘፈኖቹ መነበባቸውን ይዩ። ከላይ ቢጫ፣ ከታች ሰማያዊ የሆነው ስክሪን ብልሽት አይደለም፤ አሠራሩ ነው። የደበዘዘ ስክሪን ግን በዕድሜ ያለቀ ኦሌድ (ራሱ የሚያበራ የስክሪን ዓይነት) ነውና ዋጋው ላይ ይደራደሩበት።

ትልቁ ጣጣ ስትበራ «ሪፍሬሺንግ ዩር ሚዲያ» ብላ ደርቃ መቅረቷ ነው። በበራች ቁጥር አዲስ ፋይል ካገኘች የእያንዳንዱን ዘፈን የውስጥ መረጃ አንብባ ዝርዝር ትሠራለች፤ አንድ የተበላሸ ፋይል ወይም ከመጠን በላይ ትልቅ የሽፋን ፎቶ ካጋጠማት እዚያው ትቆማለች። ፋይል የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተር «ኢጀክት» ሳይደረግ ገመዱ ሲነቀል ነው። መጀመሪያ የማብሪያ ቁልፏን 20 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ትጠፋለች። ሚሞሪውን አውጥተው ያብሩ። ከበራች ጥፋቱ የሚሞሪው ነው፦ ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጠው ሚሞሪውን በፋት 32 ፎርማት ያድርጉ፣ ከዚያ ዘፈኖቹን ግማሽ በግማሽ እየመለሱ የትኛው ላይ እንደምትቆም ይፈልጉ። ያለ ሚሞሪም ከደረቀች አጥፍተው፣ የግራውን ወደ ኋላ መመለሻ ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኟት። እንደ ፍላሽ ትከፈታለች። መጨረሻ የጫኑትን ዘፈን ያጥፉ፤ «ኤምቴብል» የሚባለውን የሲስተም ፋይልም ይሰርዙት፣ ስትበራ ዝርዝሩን ከአዲስ ትሠራዋለች።

ከኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ የምትገናኝበት መንገድ ሁለት ነው፤ ኤም ቲ ፒ እና እንደ ፍላሽ የምትከፈትበት ኤም ኤስ ሲ። በአንዱ የጫኑት ዘፈን በሌላው ሲገናኝ ኮምፒውተሩ ላይ አይታይም፣ ሰውም ጠፋብኝ ብሎ ደግሞ ይጭናል፣ ቦታው ይሞላል። ኤም ኤስ ሲ ላይ አድርገው እዚያው ይተዉት። ሙዚቃ ከሚጭኑ ሱቆች የሚመጣ ቫይረስ ፎልደሮችን ደብቆ አቋራጭ ምልክት ይተካል፤ ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ኮምፒውተሩ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ማድረግ ነው። አቋራጮቹን ሳይከፍቱ ያጥፏቸው።

ሚሞሪው ራሱ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። 32 ተብሎ የተጻፈበት በውስጡ 4 ወይም 8 ብቻ የያዘ አለ፤ ሲሞላ አዲሱ ዘፈን የድሮውን ይደመስሳል፣ ከዚያ ዘፈኑ መሃል ላይ ይቆረጣል። «ኤችቱቴስትደብልዩ» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሚሞሪውን እስከ ጫፍ ጽፎ መልሶ በማንበብ ትክክለኛ መጠኑን ይናገራል። ከመግዛትዎ በፊት ቢሠሩት ይሻላል።

ቻርጅ አልቀበል ካለች ገመዱን ይቀይሩ። ቻርጅ አድርጎ ኮምፒውተር ላይ የማይታይ ከሆነ ገመዱ ውስጥ የዳታ ሽቦ የለም፤ ብዙ ርካሽ ገመዶች ሁለት ሽቦ ብቻ ናቸው። ወራት ተቀምጣ ባትሪዋ ጨርሶ ያለቀባት ደግሞ ወዲያው ምልክት አታሳይም፤ አንድ ሰዓት ያህል ሰክተው ይተዋት። የቻርጀሩ አምፔር ቢበዛ አይጎዳትም፣ የምትፈልገውን ብቻ ትወስዳለች። የሚጎዳት ከ5 ቮልት የሚያልፍ ያልተረጋጋ ቻርጀር ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ ስለሚዘል በዚያ ሰዓት ተሰክታ አትቆይ። የማይጠቀሙባት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተው ያስቀምጧት፤ ባዶዋን ወይም ሙሉዋን ረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ባትሪውን ያረጀዋል።

ባትሪው አብጦ ሽፋኑን ከገፋው መጠቀም ያቁሙ፣ አይጫኑት፣ አይብሱት። ሽፋኗ ብሎን የለውም፤ በቀጭን ፕላስቲክ ጠርዙን ዙሪያውን እየፈለቀቁ ይከፈታል። ባትሪው በማጣበቂያ ተይዟል፣ በብረት አያንሡት። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይቁረጡ፤ ሁለቱን ባንዴ በመቀስ መቁረጥ ሾርት ያደርጋል። ምትኩ 3.7 ቮልት ሊቲየም ፖሊመር፣ የራሱ መከላከያ ሰርኪት ያለው ይሁን። ባትሪው ላይ ያለው ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ልኩ ነው፦ 402030 ማለት ውፍረቱ 4፣ ስፋቱ 20፣ ርዝመቱ 30 ሚሊሜትር ነው። ውፍረቱን አስቀድመው ካልለኩ ሽፋኑ አይዘጋም። ካውያው (መበየጃው) ከ320 እስከ 350 ዲግሪ፣ በአንድ ነጥብ ላይ ከ3 ሰከንድ ያልበለጠ። ቀይ ከፕላስ፣ ጥቁር ከማይነስ።

ለጃኩ ስንጥር ላይ ቀጭን ጥጥ ጠቅልለው 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያጽዱ፤ የኪስ ብናኝ ነው ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው። ካልተሻላት የጃኩ እግሮች ቦርዱ ላይ እንደገና ይበየዳሉ፤ ለሞባይል ጠጋኝ ቀላል ሥራ ነው።

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ ላብም ጨው አለው። ከረጠበች ወዲያው ያጥፉና ቻርጅ አይሰኩ። ሩዝ ውስጥ መቅበር ውኃው ትቶት የሚሄደውን ጨው አያወጣም። ይልቅ ይከፈት፣ ባትሪው ይለያይ፣ ቦርዱ በዚያው አልኮል በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብና ደርቆ ይገጠም። ይህ በመጀመሪያው ቀን ከተሠራ ትተርፋለች፤ ከሳምንት በኋላ ግን መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ይበላል።

ከእህቶቿ ጋር ብናስተያያት፣ በ2014 የወጣችው ክሊፕ ስፖርት ባለ ቀለም ስክሪን፣ ማይክሮ ዩኤስቢና የሚሞሪ ቦታ ስላላት መጥፎ ምርጫ አይደለችም። ክሊፕ ስፖርት ጎ እና ክሊፕ ስፖርት ፕላስ ግን የሚሞሪ ቦታ የላቸውም፤ ረጃጅም መንዙማ ለሚሰበስብ ሰው አንመክርም። ስክሪን የሌላቸው ስም የለሽ ማጫወቻዎች ርካሽ ናቸው፣ ግን ዘፈኑን የሚያሰሙት በስሙ ተራ ሳይሆን ሚሞሪው ላይ በተገለበጠበት ተራ ነው። እነሱን የገዛ ሰው ሚሞሪውን ፎርማት አድርጎ ፋይሎቹን በሚፈልገው ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ይገልብጥ።